የመጀመሪያዋ ሰዓት ታሪክ፦ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ስንቀመጥ ምን ይጠብቀናል?



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ጨርሼ መጻሕፍቴን ስሰበስብ አንዲት ተማሪዬ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ቀረበችኝ። ወራት ያስቆጠረ ጭንቀት እንዳለባት፣ እንቅልፍ እንደራቃት፣ ጓደኞቿ ወደ አንድ የግል የሥነ ልቦና ባለሙያ እንድትሄድ እንደመከሯትና ቀጠሮም እንደያዘች ነገረችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህር፣ እዚያ ስገባ ምን ያደርጉኛል?» አለችኝ።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። «አይዞሽ፣ ምንም አያደርጉሽም፤ ማውራት ብቻ ነው» ብዬ ሸኘኋት። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መልሴ አሳፈረኝ። ያው ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት የእኔም ጥያቄ ነበርና፤ የሚመልስልኝ ሰው ባለማግኘቴም ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴ በአንድ የአውሮፓ ከተማ ሳለሁ አባቴ አረፈ። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ «እግዚአብሔር ያጥናህ» የሚለኝ ጎረቤትም አልነበረኝም። ማንበብና መተኛት ሲያቅተኝ ስም አፈላልጌ ወደ አንዲት የግል ባለሙያ ሄድኩ። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበሮች፣ አንድ የግድግዳ ሰዓትና አንድ ካርቶን ሶፍት ነበሩ። ባለሙያዋ ስሜን ካረጋገጡ በኋላ ዝም አሉ። እኔ ባደግሁበት ቤት የታላቅ ሰው ዝምታ ቅሬታ ነው። ጥቂት ቃላት ተናገርኩ፤ እርሳቸው አሁንም ዝም። ሰዓቱ ሲያልቅ የክፍያውን መጠንና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ነገሩኝ። ሐዘኔን በገንዘብ አስመዝኜ የወጣሁ መሰለኝ። አልተመለስኩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ብቻዬን ተሸከምኩት።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ነገር ይህ ነው፤ ያ ዝምታ፣ ያ የግድግዳ ሰዓት፣ ያ የክፍያ ወሬ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ወንበሮች ሁሉ ታሪክ አላቸው። እያንዳንዳቸው የተጀመሩበት ዘመንና ሊፈቱት የታሰበ ችግር አላቸው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደ ተከሳሽ ይገባል፤ የሚያውቅ ግን እንደ ባለጉዳይ ገብቶ መጠየቅ ይችላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከክፍሉ በፊት

የልብን ጉዳይ ለሌላ ሰው መግለጥ ከቪየና አልተጀመረም። በእኛ አገር የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን የነፍስ አባት አለው። የነፍስ አባት ቤተሰቡን ያውቃል፤ ቤት ይመጣል፤ ይባርካል፤ ኑዛዜ ይሰማል፤ ቀኖና ይሰጣል። ባልና ሚስት ወይም ጎረቤታሞች ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ግራ ቀኙን ሰምቶ ያስታርቃል። ከዚህ ሁሉ ያነሰ ግን ከዚህ ሁሉ የበዛ ደግሞ የቡና ላይ ጨዋታ አለ፤ ስንቱ ሰው ሆዱን ያቀለለው ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ ነው።

እነዚህን ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ሰሚው የምናውቀው ሰው ነው፤ ነገም መንገድ ላይ እናገኘዋለን። ሰምቶም ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይፈርዳል፣ ያስታርቃል ወይም ቀኖና ይሰጣል። የግል የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን በሁሉም ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። የማናውቀው ሰው ነው፤ ባናውቀውም ይመረጣል። ሰዓት ቆርጦ ይቀበለናል፤ ዋጋ ያስከፍለናል፤ አብዛኛውን ጊዜም «እንዲህ አድርግ» ብሎ አይፈርድም። እንግዲህ አንዱን ለምዶ ያደገ ሰው ሌላው ፊት ሲቀመጥ መደናገሩ የሚያስገርም አይደለም። ይህን ስል አንዱ ሌላውን ይተካል ማለቴ አይደለም። ጠበል እየተጠመቀ ሐኪም ዘንድ የሚመላለስ ሰው በአገራችን ብዙ ነው፤ የነፍስ አባት የሚሰማው ኃጢአትን ነው፣ ባለሙያው የሚሰማው ጭንቀትን ነው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ሌላም ፍርሃት አለ። ለብዙዎቻችን የአእምሮ ሕክምና ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። «አማኑኤል ገባ» የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ከስድብ የማይተናነስ ሆኖ ኖሯል። በዚህም የተነሳ ቀጠሮ መያዝ ራሱ «አበድኩ» ብሎ መፈረም የሚመስለው ሰው አለ። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ይገባል። የአእምሮ ሐኪም፣ ማለትም ሳይካትሪስት፣ ሕክምና የተማረ ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዋና መሣሪያው ንግግር ነው። ሁለቱ ተባብረው የሚሠሩበት ጊዜ አለ፤ የሌለ ነገር ለሚታየው ወይም ለሚሰማው፣ ራሱን ለማጥፋት ለተቃረበ ሰው ግን የሳምንቱን ቀጠሮ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ቪየና፣ 1880

አሁን ወደ ቪየና እንሂድ። በ1880 መጨረሻ ዮሴፍ ብሮየር የሚባል የታወቀ ሐኪም የ21 ዓመት ወጣት ማከም ጀመረ። በኋላ በመጽሐፍ «አና ኦ» ተብላ የተጠራችው ይህች ሴት በርታ ፓፐንሃይም ናት። አባቷን ስታስታምም ታመመች፤ እጇ ይሰንፍ፣ እይታዋ ይታወክ ነበር፤ የእናት ቋንቋዋ የሆነው ጀርመንኛም ጠፍቷት ለተወሰነ ጊዜ የምትናገረው በእንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። ብሮየር በየምሽቱ እየሄደ ያዳምጣት ነበር። የሆዷን ስትዘረግፍ ቀለል ይላት እንደነበር እርሷ ራሷ አስተዋለች፤ ስምም አወጣችለት። በእንግሊዝኛ «የንግግር ሕክምና» አለችው፤ ስትቀልድ ደግሞ «የጭስ ማውጫ መጥረግ» ትለው ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያው፣ ለዚህ ሕክምና ስም ያወጣችለት ሐኪሙ ሳይሆን ታካሚዋ መሆኗ ነው። ሁለተኛው መራር ነው። ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ ታሪኩ የፈውስ ታሪክ ሆኖ ቀረበ። የኋለኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ሰነድ ሲፈትሹ ግን ብሮየር ሕክምናውን በ1882 ካቆመ በኋላ በርታ በስዊዘርላንድ ወደሚገኝ የሕሙማን ማረፊያ መግባቷን አገኙ። የዳነችው ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ነው፤ ከዳነች በኋላም በጀርመን የአይሁድ ሴቶችን ማኅበር በ1904 የመሠረተች ታላቅ የሴቶች መብት ተሟጋች ሆነች። እንግዲህ የዚህ ሕክምና የመጀመሪያ ታሪክ ራሱ «ተናገረች፣ ዳነች» የሚል ተረት አይደለም። ዛሬም ከመጀመሪያው ቀጠሮ ፈውስ ይዞ እወጣለሁ ብሎ የሚገባ ሰው የሚጠብቀው ያንን ያልተፈጸመ ተረት ነው። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ የታፈነ ነገር ሲነሳ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበፊቱ የከበዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

የ1913 ደንቦች

ፍሮይድ ከ1891 ጀምሮ በቪየና በርግጋሰ በተባለው ጎዳና፣ ቁጥር 19 ቤት ይኖርና ይሠራ ነበር። በ1913 ስለ ሕክምና አጀማመር አንድ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የተጻፈው ለሐኪሞች ነው፤ እኔን ግን ሳነበው ከዓመታት በፊት የገባሁበት ክፍል ካርታ ሆኖ ታየኝ።

ፍሮይድ ጽሑፉን የሚጀምረው በሰንጠረዥ ጨዋታ ምሳሌ ነው። በመጽሐፍ ሊጻፉ የሚችሉት የጨዋታው አከፋፈትና አጨራረስ ናቸው፤ መካከሉን ከጥሩ ተጫዋቾች ጨዋታ መማር እንጂ በደንብ ማሰር አይቻልም ይላል። ቀጥሎም ደንቦቹን «ምክሮች» ብሎ መጥራት እንደሚመርጥ፣ ሁሉም ሐኪም ይከተላቸው ብሎም እንደማያስገድድ ይናገራል። ይህ መረሳት የሌለበት ነጥብ ነው። በኋላ ትውልድ እንደ ቀኖና የያዛቸው ነገሮች መነሻቸው የአንድ ሐኪም የሥራ ልማድ ነበር።

የመጀመሪያው ምክር የሙከራ ጊዜ ነው። ፍሮይድ አዲስ ታካሚን ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት በሙከራ ይቀበል ነበር። ምክንያቱም ሕክምናው ለዚያ ሰው የማይሆን ከሆነ ሁለቱም ሳይደክሙ መለያየት እንዲችሉ ነው። ዛሬም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍለ ጊዜያት መተዋወቂያ ናቸው። ባለሙያው ይመረምረናል፤ እኛም እርሱን እንመረምራለን።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ታካሚ የተወሰነ ሰዓት ይከራያል፤ ባይመጣም ሰዓቱ የእርሱ ነውና ይከፍላል። ፍሮይድ ለዚህ የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው፤ እንዲህ ካልሆነ መቅረት ይበዛል፣ የሚቀረውም ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሲከብድ ነው። በርሱ ዘመን ታካሚ ከእሑድና ከበዓላት በቀር በየቀኑ ይመጣ ነበር። ዛሬ የተለመደው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ሮበርት ሊንድነር የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ በ1955 ያሳተመውን መጽሐፍ «የ50 ደቂቃዋ ሰዓት» ብሎ መሰየሙ ልማዱ በዚያን ጊዜ ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ቀሪዋ 10 ደቂቃ ለማስታወሻና ለእረፍት ናት። ስለዚህ ባለሙያው እያለቀስን ሳለ ወደ ሰዓቱ ሲያይ ልቡ ስለደነደነ አይደለም። ሰዓቱ ድንበር ነው፤ ከውጭ ሌላ ሰው ይጠብቃል፤ እኛም መንገድ ወጥተን ቀኑን መቀጠል አለብን።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ፍሮይድ ሰዎች ገንዘብን እንደ ገመና እንደሚሸፋፍኑት ተመልክቶ፣ ሐኪሙ ግን ገና ከመነሻው ዋጋውን በግልጽ ይናገር፣ ዕዳም እንዲከማች አይፍቀድ ይላል። ይህን ሳነብ የዚያች ቀን ቁጣዬ በረደ። ባለሙያዋ ዋጋቸውን የነገሩኝ ሐዘኔን ለመሸጥ አልነበረም፤ በመካከላችን ውለታ እንዳይኖር ነው። የከፈለ ሰው ውለታ የለበትም፤ ሰሚውን ማስደሰት፣ «ድኛለሁ» ብሎ መዋሸት አይገባውም።

አራተኛው ድንክ አልጋው ነው። ከ1890 አካባቢ አንዲት ታካሚ ለፍሮይድ የሰጠችው ድንክ አልጋ ዛሬ በለንደን በሚገኘው ሙዚየም ይታያል። ታካሚው ይጋደማል፤ ሐኪሙ ከራስጌው ጀርባ ይቀመጣል። ፍሮይድ ለዚህ ሙያዊ ምክንያት ቢሰጥም፣ በቀን 8 ሰዓት ሰው ሲያፈጥበት መዋል እንደማይችል በቅንነት ጽፏል። ዛሬ አብዛኞቹ ባለሙያዎች ወንበር ይጠቀማሉ። ተጋደም ባንባል አይግረመን፤ ተጋደም ብንባልም ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብታችን ነው።

አምስተኛው የመጣልንን ሁሉ መናገር ነው። በባቡር መስኮት አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛ ከውስጥ ለተቀመጠው ጓደኛው የሚያየውን እንደሚተርክለት፣ ታካሚውም በአእምሮው የሚያልፈውን ሳይመርጥ እንዲናገር ፍሮይድ ይጠይቃል። የሐኪሙ ዝምታም ከዚህ ይወለዳል። ተራኪው መስኮቱን እንዲያይ አድማጩ አያቋርጠው፤ ሐሳቡንም አያስቀድም። እኔ እንደ ቅሬታ የሰማሁት ዝምታ ቦታ መልቀቅ ነበር። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በመጨረሻም፣ «ሕክምናው ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ለሚለው ጥያቄ ፍሮይድ የኤዞጵን ተረት ያነሳል። መንገደኛ «ምን ያህል ይቀረኛል?» ቢለው ፈላስፋው «ተራመድ» አለው፤ የእርምጃውን ስፋት ሳያይ መልስ መስጠት አይችልምና። የዛሬ ባለሙያዎች ከዚህ የተሻለ መልስ መስጠት ይገባቸዋል፤ ቢያንስ ከጥቂት ክፍለ ጊዜያት በኋላ ግምታቸውን መናገር ይችላሉ።

ገንዘቡ ለሌለው ሰውስ?

ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ብቻ አልነበረምን? ነበር። ፍሮይድም ያውቀው ነበር። በመስከረም 1918 በቡዳፔስት በተደረገ ጉባኤ፣ ድኻ ሰው ለቀዶ ሕክምና ያለውን ያህል ለነፍሱም እርዳታ የማግኘት መብት እንዳለው አንድ ቀን የኅብረተሰቡ ሕሊና ይነቃል ሲል ተናገረ። ቃሉ በባዶ አልቀረም። በ1920 በበርሊን፣ በ1922 በቪየና ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያገለግሉ ክሊኒኮች ተከፈቱ። የናዚ ሥልጣን ይህን ጅምር አፈረሰው፤ ፍሮይድም በ1938 ወደ ለንደን ተሰደደ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። የኪሳችሁን አቅም ለባለሙያው ተናግሮ የቅናሽ ዋጋ መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው።

ወንበሩና መቅረጫው

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ከአሜሪካ መጣ። ካርል ሮጀርስ በ1940 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር፣ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍም፣ መፍትሔ ከባለሙያው ሳይሆን ከሚናገረው ሰው ይመነጫል የሚል አሳብ አቀረበ። «ታካሚ» ማለትን ትቶ «ባለጉዳይ» ለማለት የሚቀርብ ቃል መረጠ። ከዚህም በላይ ለታሪክ ተመራማሪ ውድ የሆነ ሥራ ሠራ፤ ክፍለ ጊዜያትን በድምፅ መቅረጫ ቀርጾ የአንድ ሰው ሕክምና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቃል በቃል አሳተመ። እስከዚያ ድረስ በዝግ በር የሚነገረውን የምናውቀው ከባለሙያው ትዝታ ብቻ ነበር። በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከባለሙያው የሚጠበቁትን ነገሮች ሲዘረዝር ከሁሉ በላይ ያደረጋቸው ሦስት ናቸው፤ አለማስመሰል፣ ሰውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል፣ የሌላውን ስሜት ከውስጡ ሆኖ መረዳት። አንድ ባለሙያ የተናገራችሁትን በራሱ ቃል መልሶ ሲነግራችሁ እንደ ገደል ማሚቶ አትቁጠሩት፤ «በትክክል ገብቶኛል?» ብሎ እየጠየቃችሁ ነው። ካልገባው ማረም የእናንተ ድርሻ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ የአሮን ቤክ ነው። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም የተማረው የፍሮይድን መንገድ ነበር፤ በ1960ዎቹ ግን ድብርት ያለባቸው ሰዎች በየዕለቱ በራሳቸው ላይ የሚያመላልሱትን አሳብ ማጥናት ጀመረ። በ1961 የድብርትን መጠን የሚለካ መጠይቅ አወጣ፤ በ1979 ከባልደረቦቹ ጋር ሕክምናውን በመጽሐፍ አስቀመጠ። በዚህ መንገድ የሚሠራ ባለሙያ ዝም አይልም። ክፍለ ጊዜውን የሚከፍተው ስለ ሳምንቱ ጠይቆ ነው፤ የዕለቱን ርዕስ ከእናንተ ጋር ይወስናል፤ ሲጨርስም የቤት ሥራ ይሰጣል። ከመግባታችሁ በፊት ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ራስን ስለመጉዳት አሳብ የሚጠይቅ ቅጽ ብታገኙ መነሻው ይህ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ለሁሉም ሰው ይቀርባል፤ ተጠርጥራችሁ አይደለም።

እንግዲህ ሦስት የተለያዩ ክፍሎች አሉ። አንዱ ዝም ብሎ ይሰማል፤ አንዱ ሰምቶ ይመልሳል፤ አንዱ አብሮ ያቅዳል። ብዙ ባለሙያዎች ሦስቱን ያዋሕዳሉ። ተማሪዬ ማወቅ የነበረባት ይህንን ነው፤ «በየትኛው መንገድ ነው የሚሠሩት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ምስጢርና ወሰኑ

በከተሞቻችን ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ይተዋወቃል። «ነገ ወሬዬ በሰፈሩ ቢሰማስ?» የሚለው ስጋት ከሁሉ የከበደ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ወደን አይደለም። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ከጥንታዊው የሂፖክራተስ መሐላ ጀምሮ የቆየ ግዴታ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሰጠው ውሳኔ በሥነ ልቦና ሕክምና የተነገረ ቃል በፌዴራል ፍርድ ቤት በግድ እንዳይወጣ ጠብቆታል። በአገራችንም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሙያ የታወቀን ምስጢር ማውጣትን እንደ ወንጀል ይቆጥረዋል።

ነገር ግን ምስጢር ወሰን አለው። በ1969 በካሊፎርኒያ አንድ ወጣት አንዲትን ሴት ሊገድል እንደሚያስብ ለሕክምና ባለሙያው ተናግሮ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ያልደረሳት ሴትም ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ዝርዝሩ በየአገሩ ሕግ ይለያያል። አሳቡ ግን ተስፋፍቷል፤ በሕይወት ላይ የተቃረበ አደጋ ሲኖር ምስጢር ሊገለጥ ይችላል። ጥሩ ባለሙያ ይህን በመጀመሪያው ቀን ያስረዳል። ካላስረዳ ጠይቁት።

ይጠቅማልን?

ተመራማሪዎች እንደመሆናችሁ «ይህ ሁሉ ይሠራል ወይ?» ማለታችሁ አይቀርም። ሃንስ አይዘንክ በ1952 ያለውን መረጃ መርምሮ፣ ሕክምናው ያለ ሕክምና ከሚገኘው መሻሻል እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም ብሎ ሙያውን አናወጠው። ቁጣው ምርምር ወለደ። በ1977 ሜሪ ሊ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ያህል ጥናቶችን አንድ ላይ አስልተው፣ ሕክምና ያገኘ አማካይ ሰው ካላገኙት ከ100 ከ75ቱ የተሻለ ሆኖ እንደሚገኝ አሳዩ። በዓይነቶቹ መካከል ግን የጎላ ልዩነት አላገኙም። ታዲያ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 ያቀረበው አሳብ ለብዙ ምርምር መነሻ ሆኗል፤ ሁለቱ ሰዎች በግቡ ይስማሙ፣ በአሠራሩ ይስማሙ፣ በመካከላቸውም መተማመን ይኑር። ከተወሰኑ ክፍለ ጊዜያት በኋላ ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ መጀመሪያ ለራሱ ለባለሙያው ንገሩት። ብዙ ጊዜ መጠገን ይቻላል። ካልተቻለ ሌላ ባለሙያ መፈለግ ክህደት አይደለም።

በአማርኛ ለሚደረግ ንግግር ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ቋንቋችን ገና ሰላምታ ላይ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ብሎ ያስመርጠናል። በዕድሜ ከሚያንሰን ባለሙያ ጋር «እርስዎ» እየተባልን ልብን መክፈት ሊከብድ ይችላል፤ ወጣትም አዛውንት ባለሙያ ፊት አቀርቅሮ «እሺ፣ እሺ» እያለ ሊወጣ ይችላል። እንዴት መጠራት እንደምትፈልጉ ተናገሩ። ሁለተኛ፣ ሐዘናችንን የምናስቀምጠው በሆድና በልብ ነው፤ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤ ተሰበረ» እንላለን። ባለሙያው ምን ለማለት እንደፈለጋችሁ ቢጠይቅ አማርኛ ጠፍቶት አይደለም። እናንተ በዚያች ቃል ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ለማወቅ ነው።

ወደ መነሻዬ ልመለስ። ከዚያ ውይይት ከጥቂት ቀናት በኋላ ተማሪዬን ጠራኋትና የመጀመሪያ መልሴን አረምኩ። «ቅጽ ያስሞሉሻል። ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ቤተሰብሽ፣ ስለ መጣሽበት ጉዳይ ይጠይቁሻል፤ ያልፈለግሽውን 'ዛሬ አልናገርም' ማለት ትችያለሽ። ዝም ካሉ ዝምታው ቁጣ አይደለም። ሰዓቱ ሲያልቅ ያቆማሉ። ዋጋውን፣ ምስጢሩን፣ አሠራሩን ጠይቂ። ስትወጪ ቢከብድሽ አትደንግጪ፤ ቀጣዩን ቀጠሮ ሳትሄጂ አትፍረጂ» አልኳት። የራሴንም ታሪክ ነገርኳት። አባቴ ከሞተ በኋላ ስለዚያች ቀን ለሰው ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሄደች። እዚያ ውስጥ የተነገረው የእርሷ ነው፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ምሳሌው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚደብቅ ሰው ሁሉ የሚደብቀው አፍሮ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ በሩ ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚሆን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ከመካከላችሁ ነገ አንድ ተማሪ፣ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት «ምን ያደርጉኛል?» ብትላችሁ፣ እኔ በመጀመሪያ እንዳደረግሁት «አይዞሽ» ብላችሁ አትሸኟት። ተቀምጣችሁ ክፍሉን አሳዩአት።